ከቲቢ እያገገሙ መተርጎምና መግጠም፦ የ6 ወር አሠራር

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ነው። መተዳደሪያዬ ትርጉም ነው። ግጥም ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ። ባለፈው ዓመት የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ያዘኝ፤ የ6 ወር መድኃኒቴን ጨርሼ አሁን ደህና ነኝ።

በታመምኩበት ሰሞን ሐኪሙ ስለ መድኃኒቱ ነገረኝ። አሳታሚው ስለ ቀነ ገደቡ ነገረኝ። ሁለቱን አንድ ቀን ውስጥ እንዴት እንደማስገባቸው የነገረኝ ግን አልነበረም። ግጥሙንማ ማንም አላነሳውም። እየወደቅኩ እየተነሳሁ የደረስኩበትን ነው እዚህ የማስቀምጠው። ሌላ ሕመም ላይ ያለ ጸሐፊም የሚወስደው ነገር አያጣም።

ከሁሉ በፊት የምለው አንድ ነገር አለ። ትርጉምና ግጥም ሁለቱም ብዕር ይዘው ስለሚሠሩ አንድ ዓይነት ሥራ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ትርጉም ሰዓት ይፈልጋል፣ ይቆጠራል፣ ይከፈልበታል። ግጥም በሰዓት አይመጣም። መጀመሪያ ላይ ጠዋቱን ለአንዱ፣ ከሰዓቱን ለሌላው እኩል ላካፍል ሞክሬ ሁለቱም ከእጄ ወጡ። የተቃናልኝ ለትርጉሙ የተቆጠረ ሰዓት ሰጥቼ ግጥሙን ከሰዓት ነፃ ሳወጣው ነው። ከሁለቱም በፊት ግን ክኒኑ አለ።

1ኛ፦ ቀናችሁን ከክኒኑ ጀምሩ

የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው። የመጀመሪያዎቹን 2 ወራት 4 ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል፦ ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፓይራዚናማይድና ኢታምቡቶል። ቀጣዮቹን 4 ወራት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ይቀጥላሉ። አራቱም ባንድ ክኒን ውስጥ ተቀላቅለው ስለሚመጡ ብዛቱ የሚወሰነው በክብደት ነው። እኔ ስጀምር 46 ኪሎ ነበርኩ፤ በቀን 3 ክኒን ደረሰኝ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ሕክምናው በነፃ ነው። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሌላ አሠራር አለው፤ የእናንተ እሱ ከሆነ ሰዓቱን ከሐኪማችሁ ጋር አውጡ።

ክኒኑ በባዶ ሆድ ቢወሰድ ይመረጣል። እኔ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ በነርሷ ፊት ነበር የምውጠው። 2፡30 ላይ እውጣለሁ፤ ቁርስ ለመብላት አንድ ሰዓት መጠበቅ አለብኝ። መጀመሪያ ሰሞን ያቺን አንድ ሰዓት በሆዴ እየተነጫነጭኩ አሳለፍኳት። በኋላ ግን ምሳ ዕቃዬ ውስጥ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ በዕለቱ የምተረጉመውን ገጽ ፎቶ ኮፒ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ የሚመታው አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ተቀምጬ ገጹን ብቻ አነባለሁ። አልተረጉምም። የማያስኬዱኝን ቃላት በእርሳስ አሰምርባቸዋለሁ። ቤቴ ስደርስ ገጹ ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። ክኒኑ የሚዋጥበትን ሰዓት መጀመሪያ ጻፉ። ከዚያ ምግቡን፣ ከዚያ እንቅልፉን። ሥራ የሚገባው የተረፈው ቦታ ላይ ነው። የተረፈው 2 ሰዓት ብቻ ከሆነ የሥራ ቀናችሁ 2 ሰዓት ነው። የኔ በመጀመሪያው ወር ከ4፡30 እስከ 6 ሰዓት ነበር፤ ያቺኑ ይዤ ከረምኩ።

2ኛ፦ ዓይናችሁንና ጣታችሁን በየቀኑ ፈትሹ

ይሄ ለማንኛውም ታካሚ ይጠቅማል፤ ለእኛ ግን እንጀራችን ነው። ኢታምቡቶል አንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ነርቭ ይጎዳል። እይታ ይደበዝዛል፣ ቀይና አረንጓዴ መለየት ያስቸግራል። አይሶናያዚድ ደግሞ እጅና እግር ላይ መደንዘዝ ወይም መርፌ መርፌ የማለት ስሜት ሊያመጣ ይችላል፤ ለዚህ ቫይታሚን ቢ6 ይሰጣል።

እኔ የምፈትሸው በአያቴ ዳዊት ነበር። በቀይና በጥቁር ቀለም የታተመ ነው፤ የእግዚአብሔር ስም ሁሉ በቀይ ነው የተጻፈው። ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆሜ መጀመሪያ በግራ፣ ከዚያ በቀኝ ዓይኔ አንድ አንቀጽ አነባለሁ። ቀዩ እንደ ትናንቱ ቀይ ነው? ፊደሉ ጥርት ብሏል? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዳዊት ከሌላችሁ ቀይ ጽሑፍ ያለበት ማንኛውም ወረቀት ይሆናል፤ ዋናው በየቀኑ ያው ገጽ፣ ያው ብርሃን መሆኑ ነው። ቀዩ ቢፈዝባችሁ የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱ። «ስክሪን አብዝቼ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ሽንታችሁ፣ እንባችሁና ላባችሁ ብርቱካናማ ቢሆን አትደንግጡ፤ ሪፋምፒሲን ነው። የዓይናችሁ ነጩ ክፍል ቢጫ ከሆነ ወይም ማስመለስ ካላቋረጠ ግን ጉበት ሊሆን ይችላልና ሳታድሩ ሐኪም ጋ ድረሱ። ጠላም ጠጅም አረቄም እስከ መጨረሻው ይቅር። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስዱ እህቶች ደግሞ ሪፋምፒሲን የእንክብሉን ኃይል ስለሚቀንሰው ሌላ ዘዴ ጠይቁ። ለእኔ ይህን ማንም አላነሳልኝም፤ ራሴ ጠይቄ ነው ያወቅኩት።

3ኛ፦ ለአሠሪያችሁ ንገሩ፤ ከመናገራችሁ በፊት ግን ለኩ

እኔ ደበቅኩ። «ሳንባ» የሚለው ቃል ራሱ ሰፈራችን ውስጥ በሹክሹክታ ነው የሚነገረው። ሥራው ይሄድብኛል ብዬ ፈራሁና ትኩሳት ላይ ሆኜ በአንድ ሳምንት 40 ገጽ አስረከብኩ። እንግሊዝኛው «ሰውየው በቁጣ አጭር መልስ ሰጣት» ነበር የሚለው፤ እኔ «ሰውየው ከእሷ ያጥራል» ብዬ ተረጎምኩት። አርታኢዋ ባትይዘው ኖሮ ይታተም ነበር። 40ውንም ገጽ እንደገና ሠራሁት። ደብቄ ያተረፍኩት ነገር የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ሳምንት ራሳችሁን ሳታስገድዱ ሥሩና የሠራችሁትን ገጽ ቁጠሩ። ከዚያ ላይ ሩቡን ቀንሱ። ቃል የምትገቡት ቀሪውን ነው። የኔ 13 ገጽ ሆነ፤ 10 አልኩ። ከዚያ ይህን ጻፍኩ፤ ለመነሻ ከሆናችሁ ውሰዱት፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለ ትርጉሙ ሥራ ነው የምጽፍልዎ። ታምሜ ሕክምና ላይ ነኝ፤ ሕክምናው እስከ መጋቢት መጨረሻ ይቆያል። ከ214 ገጽ 63ቱን ጨርሻለሁ፤ ከዚህ መልእክት ጋር ልኬልዎታለሁ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በየሳምንቱ 10 ገጽ እልካለሁ። በዚህ ስሌት ረቂቁ በ16 ሳምንት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይደርስዎታል። ይህ የማይመችዎ ከሆነ ቀሪውን ለሌላ ተርጓሚ ቢሰጡት አልቀየምም፤ እስካሁን የሠራሁትን ግን ሒሳብ ይዘጉልኛል።»

የበሽታውን ስም አልጻፍኩም፤ የመጻፍ ግዴታም የለባችሁም። ምሕረት የሚለምን ቃልም የለበትም። ቁጥርና ቀን ነው ያለው። አሳታሚ የሚፈልገው እሱን ነው። ቀብድ የወሰዳችሁ ከሆነ ደግሞ የተሠራውን ሳትይዙ አትጻፉ፤ እጃችሁ ላይ ያለውን መጀመሪያ ላኩ።

4ኛ፦ ትርጉሙን በጉልበታችሁ ልክ ሸንሽኑት

ብዙ ያተረፍኩት እዚህ ላይ ነው፤ ዘርዘር ላድርገው።

ትርጉም ሲባል አንድ ሥራ አይደለም። ምንጩን ማንበብ አለ። ጥሬውን ትርጉም ማውጣት አለ። ከምንጩ ጋር ማመሳከር አለ። አማርኛውን ብቻ ይዞ ማቃናት አለ። የቃላት መዝገብ መያዝ አለ። ጤነኛ ሆነን ሁሉንም ባንድ ላይ ስለምናስኬዳቸው ልዩነታቸው አይታየንም። ስንታመም ግን እያንዳንዱ የሚበላው ጉልበት ለየብቻ ይታወቃል።

ጥሬ ትርጉም ከባዱ ነው። ሁለት ቋንቋ ባንድ ጊዜ መሸከም ነው። ይሄ የቀኑን ምርጥ ሰዓት ይወስዳል፤ ለእኔ ከቁርስ በኋላ ያለውን። ማመሳከር መካከለኛ ነው፤ ግን ነቅቶ ነው የሚሠራው፤ ትኩሳት ያለበት ቀን አይነካም። ማቃናት ጆሮ ነው የሚፈልገው። ጋደም ብዬ ለስልኬ አነብለታለሁ፣ ይቀዳል፣ መልሼ አዳምጣለሁ። እንግሊዝኛ የሚሸት ዓረፍተ ነገር ሲነበብ ትንፋሽ ያስጨርሳል። ትንፋሽ ላጠረው ሰው ከዚህ የተሻለ አርታኢ የለም። መሐል ላይ ቆሜ አየር ከሳብኩ እዚያ ቦታ ላይ አራት ነጥብ ጎድሎ ነበር ማለት ነው። በእነዚያ ወራት የሠራሁት አማርኛ ከዚያ በፊት ከሠራሁት አጭርና ንጹሕ ነው፤ አርታኢዋም ይህንኑ ነግራኛለች።

የቃላት መዝገቡ ደግሞ የድካም ቀን ሥራ ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝቼ በፊደል ተራ ከፈልኩት። ከአልጋ መነሳት ያቃተኝ ቀን ሦስት ቃል ብቻ እጽፋለሁ። አንድ ቀን «ትንፋሽ»ንና «እስትንፋስ»ን ስለይ ዋልኩ። «ትንፋሽ አጠረኝ» እንላለን እንጂ «እስትንፋስ አጠረኝ» አንልም። ትንፋሽ ደረጃ ላይ የሚያልቀው ነው። እስትንፋስ የተሰጠን ነው፤ ሲቆም ሰውየው አብሮ ያቆማል። የምተረጉመው መጽሐፍ ውስጥ ለሁለቱም የሚያገለግለው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል 19 ቦታ ላይ ነበር። ሁሉንም እየፈለግኩ የቱ የቱ እንደሆነ ወሰንኩ። ያን ቀን አንድም ገጽ አልተረጎምኩም፤ ግን ሥራ ውዬአለሁ።

ስለዚህ ሦስት ዓይነት ቀን አስቡ፦ ደህና ቀን፣ መካከለኛ ቀን፣ የአልጋ ቀን። ለእያንዳንዱ የሚሆነውን ሥራ አስቀድማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ጠዋት ተነስታችሁ የምትወስኑት «ዛሬ የቱ ቀን ነው?» የሚለውን ብቻ ይሁን። የአልጋ ቀን ላይ ሆናችሁ ዕቅድ አታውጡ።

አባዶ እንደሆነ መብራት ይጠፋል። ላፕቶፕና ፓወር ባንክ ማታ ቻርጅ ይደረጉ። ከጠፋም በእጅ ጻፉ፤ በእጅ የተጻፈ ጥሬ ትርጉም ሲገለበጥ እግረ መንገዱን ይቃናል።

5ኛ፦ ግጥሙን ያዙት፤ አትሥሩት

ሕመም ግጥም ያመጣል። ሌሊት፣ ላብ አጥምቋችሁ ስትነቁ ሁለት ስንኝ ራሱ ይመጣል። ተነስታችሁ መብራት አታብሩ። የስልካችሁን ድምፅ መቅጃ አልጋው ራስጌ አድርጉ፤ ተናገሩትና መልሳችሁ ተኙ። እንቅልፉ ከስንኙ ይበልጣል። ጠዋት ደብተር ላይ ገልብጡት፣ ቀኑን ጻፉበት፣ ዝጉት።

ትኩሳት ላይ ሆናችሁ አታርሙ። ትኩሳት ያለበት ሰው ሰሙ ሁሉ ወርቅ ይመስለዋል። እኔ በመጀመሪያው ወር የጻፍኩት 11 ግጥም ነበር፤ በአራተኛው ወር ስከፍተው 2 ተረፈኝ። ዘጠኙን አልጣልኳቸውም፤ ለብቻ አስቀምጫቸዋለሁ። ከነሱ መካከል አንድ አንድ ሐረግ አሁንም እወስዳለሁ።

ቅርጽም ይረዳል። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ ስድስት ስድስት ቀለም (የቃል ድምፅ ክፋይ) ሆኖ መሐሉ ላይ ያርፋል። ስድስት ቀለም ደግሞ ለታመመ ሳንባ የሚበቃ ርቀት ነው። ደረጃችንን ስወጣ ከፎቅ ፎቅ ቆሜ እያረፍኩ የመጣልኝ ይሄ ነው፦

አራት ፎቅ ደረጃ — ቆሜ እያረፍኩኝ፣
ትንፋሼ ከኋላ — በዝግታ ደረሰኝ።

ከዚህ አልቀጠለም። አልጎተትኩትም።

አንድ የምቃወመው ሐሳብ አለ። ቲቢ የገጣሚ በሽታ ነው፣ ሕመም ጥሩ ያስጽፋል የሚል ወሬ አለ። ሮበርት ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1882 በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ መሆኑን አሳይቷል። ባክቴሪያ ገጣሚ አይመርጥም። አክስቴም «ማሰብ አብዝተሽ ነው፣ መጽሐፉን ተይው» ትለኝ ነበር፤ ለእሷም የነገርኳት ይህንኑ ነው። መጽሐፍ አላሳመመኝም። ሕመሙም ገጣሚ አላደረገኝም።

6ኛ፦ ቤቱን አስተካክሉ

መስኮት ክፈቱ። ይሄ ቀላል ይመስላል፤ እኛ አገር ግን ትግል ነው። «ብርድ ይመታሻል» የማይል ጎረቤት የለም። የቲቢ ጀርም የሚተላለፈው በአየር ነው፤ ንፋስ የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ውስጥ ይሳሳል፣ ፀሐይም ይገድለዋል። እኔ ጋቢ ደርቤ፣ ካልሲ አጥልቄ መስኮቴን ከፍቼ ነው የሠራሁት። የታኅሣሥ ብርድ ሲመጣም ቢሆን ቀን ቀን አልዘጋሁትም።

ከሰል ቤት ውስጥ አይቀጣጠል። ለቡና ያለኝን ፍቅር የሚያውቁ ያውቁታል፤ ጎረቤቴ ግን ጀበናውን ወደ ኮሪደር አውጥታልኝ ከበሬ ላይ ሆኜ ከአቦል እስከ በረካ ተቋደስኩ። እጣኑን ተውነው።

ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ጀሪካን ይዛችሁ ደረጃ አትውጡ። ለሚያወጣ ልጅ ክፈሉ፤ ሒሳቡን ከትርጉሙ ገቢ ላይ እንደ ሥራ ወጪ ያዙት፤ ወጪ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንኳን በተጎዳ ሳንባ በደህናውም ትንፋሽ ታሳጥራለች።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ አጥሚት፣ ሲገኝ ሥጋ። በየሳምንቱ ተመዘኑና ኪሎውን የገጽ ቁጥር በምትጽፉበት ወረቀት ላይ አስፍሩት። እኔ ገጼም ኪሎዬም አብረው ሲወጡ አየሁ።

7ኛ፦ ሰው

ጠያቂ ይመጣል፤ መምጣቱም ደስ ይላል። ግን ጠያቂ ሲገባ ሥራ ይወጣል። በሩ ላይ ወረቀት መለጠፍ አያምርም። አንድ ጎረቤት መርጣችሁ «ከ9 ሰዓት በኋላ ብትመጡ ትደሰታለች» እያለች እንድታስወራላችሁ አድርጉ። ከአፍ ለአፍ ይዳረሳል።

መጀመሪያ ላይ ማስክ አድርጉ፣ ሰው ባለበት ክፍል አብዝታችሁ አትቀመጡ። መድኃኒቱ እየሠራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ የማስተላለፉ ነገር በጣም ይቀንሳል፤ «አሁን ይበቃል» የሚለውን ግን ነርሷ ትንገራችሁ። በሳህን፣ በብርጭቆ፣ በወረቀት አይተላለፍም። አንድ የማውቀው ሰው የረቂቄን ወረቀት በፌስታል ይዞ ሲቀበለኝ ዓይኔ እንባ ሞላ። ወረቀት ቲቢ አያስይዝም። ይህን ደጋግማችሁ ተናገሩ፤ ከእናንተ በኋላ የሚታመመውንም ይጠቅመዋል።

ጾም ካለባችሁ የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ፤ የታመመ እንዲበላ ይፈቀድለታል። በሙስሊሙም ዘንድ የታመመ ሰው ከረመዳን ጾም ፈቃድ አለው። ጠበል የምትሄዱ ከሆነ ከመድኃኒቱ ጋር ይሁን፤ በመድኃኒቱ ፋንታ አይሁን። ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰዓቱ ሲደርስ በጠበሉ ዋጡት።

8ኛ፦ ከሦስተኛው ወር በኋላ ተጠንቀቁ

ሳሉ ይጠፋል። ምግብ ይጥማል። የመድኃኒቱም ዓይነት ይቀንሳል። አሁን ነው አደጋው። «ድኛለሁ» ብሎ ማቋረጥ ጀርሙ መድኃኒቱን እንዲለምደው ያደርጋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሕክምና ይረዝማል፣ ይከብዳልም። በዚሁ ሰሞን ደግሞ አሳታሚ ይደውላል፣ ጓደኛ «እንግዲህ ተሽሎሻል» ይላል፣ ሥራ ይጨመራል። እኔ የገጽ ቁጥሬን በወር ከሩብ በላይ ላለመጨመር ወሰንኩ። ሁለት ጊዜ ተፈትኜ አንዴ ተሸንፌአለሁ፤ አራት ቀን አስተኛኝ።

ከተማ የምትወርዱበትን ቀን በሳምንት አንድ አድርጉት። ከአባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ፒያሳ የታክሲ ሰልፉ ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል። አሳታሚ፣ ባንክ፣ አክታ ምርመራ ባንድ ቀን ይታሰሩ። በማግሥቱ የአልጋ ቀን እንደሚሆን አስቀድማችሁ ጻፉ።

የግጥም ምሽት ከተጠራችሁ ሂዱ። እኔ በአምስተኛው ወር ሄድኩ። መመለሻ ታክሲ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚገኝ አስቀድማችሁ አጣሩና መጀመሪያ ላይ እንድታነቡ አዘጋጁን ጠይቁ። ሁለት አጭር ግጥም ይበቃል። ወንበር አስመጡና ተቀምጣችሁ አንብቡ፤ ለብ ያለ ውኃ በእጃችሁ ይኑር። በየስድስቱ ቀለም እረፉ። ሳል መሐል ላይ ቢመጣ አትታገሉት፤ ስሉ፣ ውኃውን ተጎንጩ፣ ከዚያ ስንኙን ካቆማችሁበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀምሩት።